የግራ እጅ ጓንት

ቫልፓራይሶ፣ ጥር፣ የቺሊ በጋ ሌሊት፤
መርከባችን ስሟ «ጽናት»፣ ሆዷ ብረት፤
ወደቡ ተኝቷል፤ ኮረብታው ላይ ጥቂት መብራት።

ካፒቴን ላስትራ ጠራን፤ ስድስቱ ተቀመጡ፣
እኔ ከበሩ ቆምሁ።
ሳህኑ አልተነሣም፤ የዓሣው አጥንት አለ፤
ኮፍያውን አውልቆ ቃሉን እንዲህ ጣለ፦
«ጎህ ሲቀድ መርከቢቱ ከሸንጎው ጋር ትወጣለች፤
ፕሬዚዳንቱን ለሚል ጀልባ ከሥር አለች፤
የሚሄድ ይሂድ፣ ማንም አይነካውም።
በሃምሳ ዓመቴ ከዚህ በላይ አላውቅም።»

ዝም አልን።
መሐላችን አንድ ነው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ አፍ፣
እጃችንን ጭነን በአንድ መጽሐፍ ጫፍ።
ለአገር ነው ያልነው። አገር ማለት ማነው?
ማኅተም የያዘው ነው? ሕግ ያወጣው ነው?
ባንዲራው አልረዳን፤ በሁለቱም ወገን
ያው ነጭ፣ ያው ቀይ፣ ያው ኮከብ ነው ያለን።

ኤቫሪስቶ ኡሬሆላ ከሁሉ ቀድሞ ቆመ፤
ወንበሩን ወደ ቦታው ገፋ፣ አልተቃወመ።
«ወንድሜ ሳንቲያጎ እግረኛ ጦር ውስጥ ነው፤
በእናቴ ልጅ ላይ መድፍ አላዞርም።» ያለው ይኸው ነው።

ከአሥራ አራት ዓመታችን በአንድ ክፍል ያደግን፣
ባሕር ትምህርት ቤት፣ በአንድ ሳሙና የታጠብን፤
ደሞዝ ሲዘገይ፣ አንድ ጥንድ ነጭ ጓንት ተካፍለን፣
እሱ የቀኙን፣ እኔ የግራውን፣
ባዶ እጃችንን ከጀርባ ደብቀን፣
አድሚራሉ ፊት ለሰልፍ የቆምን፣
ማንም ሳያውቅብን።

ምላጩን ጠቀለለ፤ መስታወቱን ለእኔ ተወ።
መሰላሉ ጫፍ ላይ «አንተስ?» አለኝ።
ምን ልበለው?

ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ሕግ አወራለሁ፤
ስለ ሸንጎው መብት ጥሩ ጥሩ ቃል እደረድራለሁ።
እውነቱ ግን ይህ ነው፤ ለማንም አልነገርሁ፦
እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ተረኛ ነበርሁ።
የፋኖሱ ዘይት፣ የመልሕቁ ሰንሰለት፣
መዝገቡ፣ ቁልፉ፣ በእኔ እጅ ነበሩ በዚያ ሌሊት።
ታሪክ መጥቶ ሲያንኳኳ እጄ ተይዞ ነበር፤
ተተኪ ሳይመጣ ዘብ ጥሎ አይኬድም ነበር።

«ተረኛ ነኝ» አልሁት። ቀልድ መስሎት ሣቀ።
የቀኙን ጓንት አውጥቶ አወዛወዘልኝ፣
ጀልባውም ራቀ።

ሚያዝያ ላይ ነው። ሰሜን፣ የጨው አገር ዳርቻ፤
ጨረቃ የለም፤ የእንፋሎት ትንፋሽ ብቻ።
አንዲት የቶርፒዶ ጀልባ፣ ጭሷን እንደ ሳል አፍና፣
በፋኖስ ጠየቀች፣ «ማናችሁ?» አለችና።
አጭር፣ ረጅም፣ አጭር… የመጨረሻው ፊደል ተጎረደ፤
ልቤ ወደ ጉልበቴ ወረደ።
ያን ፊደል እንዲያ የሚቆርጥ በዓለም አንድ ሰው ነው፤
መምህራችን በማስመሪያ ጣቱን ቢመቱት እምቢ ያለው።

መድፈኞቼ ይጠብቃሉ። «ተኩስ» ማለት
አንድ ቃል ናት።
ሦስት ትንፋሽ ዘገየሁ።
ጀልባይቱም በዚያ ቅርበት፣
ሰካራም እንኳ በማይስትበት፣
ቶርፒዶዋን ለቀቀች፤ ነጭ መስመር በውኃው ላይ
ከኋላችን አለፈ፣ ወደ ባዶው ባሕር፣ እኔ ሳይ።

ከዚያ «ተኩስ» አልሁ። ድምፄን አላወቅሁትም።
ባሕሩ በራ፤ ጨለመ። ጀልባዋን አላየኋትም።

ጦርነቱ አለቀ። እኛ ነን ያሸነፍን፤
ሹመት ተሰጠን፤ ከሰገነት አበባ ተበተነብን።
የሙታኑን ዝርዝር ሄጄ አልጠየቅሁም፤
የኡሬሆላን እናት ደጅ አልረገጥሁም።
ስቶ ነው? አውቆ ነው? የእኔስ ሦስት ትንፋሽ
ምሕረት ነበር? ወይስ የፈሪ ሰው መሸሽ?

አሮጌው የግራ ጓንት ሳጥኔ ውስጥ አለ፤
አውራ ጣቱን አይጥ በልታዋለች።
አሁን ደሞዝ አለኝ፣ ጥንድ ጓንት እገዛለሁ፤
ሰልፍ ላይ ግን ቀኝ እጄን
ከጀርባዬ እደብቃለሁ።